«ሬሴርቫ» ቆይታን እንጂ ጥራትን አይለካም

በስፔን ቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ዓመትና «ክሪያንሳ»፣ «ሬሴርቫ» ወይም «ግራን ሬሴርቫ» የሚል ቃል ይጻፋል። ብዙ ሰው ቃሉን የጥራት ማዕረግ አድርጎ ያነበዋል። ሕጉ የሚለካው ግን ቆይታን ነው።

በሰሜን ስፔን ባለው የወይን ጠጅ አካባቢ በሪዮሃ፣ ቀይ ክሪያንሳ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ውስጥ 1 ዓመቱ በኦክ እንጨት በርሜል ነው። ሬሴርቫ 3 ዓመት ሲሆን ቢያንስ 1 ዓመት በበርሜል፣ 6 ወር በጠርሙስ ያሳልፋል። ግራን ሬሴርቫ 5 ዓመት ይፈጃል፤ ቢያንስ 2 ዓመት በበርሜል፣ 2 ዓመት በጠርሙስ።

ዓመቱ ወይኑ የተለቀመበት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፤ ለገበያ የወጣበት አይደለም። የሪዮሃ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት የየዓመቱን ምርት ይመዝናል። ለ2010 ከፍተኛውን ማዕረግ ሲሰጥ፣ 2013ን ሁለት እርከን ዝቅ አድርጎ «ጥሩ» ብሎታል። ስለዚህ የ2010 ሬሴርቫ ከ2013 ግራን ሬሴርቫ ቢበልጥ አይግረማችሁ።

ዓመታትን ስታወዳድሩ የአንድ አምራች አንድ ዓይነት ብቻ አሰልፉ። ሬሴርቫን ከክሪያንሳ ከቀላቀላችሁ ልዩነቱ የዓመቱ ይሁን የበርሜሉ አይታወቅም። በየብርጭቆው 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ከዚህ ሲያልፍ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ጠንካራ ሻይ ድድ የሚያደርቀው ታኒን ይጎላል።

ትልቁ ስህተት አሮጌውን ቀድሞ ከፍቶ ማናፈስ ነው፤ ስሱ መዓዛው ይበናል። አተላው እንዲዘቅጥ ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፤ ሊቀመስ ሲል ብቻ ክፈቱና ቀስ ብላችሁ ቅዱ። አየር የሚያስፈልገው ወጣቱ ወይን ጠጅ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል።