ተባባሪ ኤንፒሲ የልምድ ነጥብ ይካፈላል?

ኤንፒሲ የሚባለው የራሱ ተጫዋች የሌለው፣ በጨዋታ መሪው የሚንቀሳቀስ ገጸ ባህሪ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በሚባለው፣ ገጸ ባህሪ እየወከሉ በዳይስ በሚጫወቱት ጨዋታ የ2014 (እ.ኤ.አ.) ደንብ፣ ለድሉ ጉልህ እገዛ ያደረገ ኤንፒሲ የልምድ ነጥብ (ገጸ ባህሪ ደረጃው የሚያድግበት ነጥብ) ሲከፋፈል እንደ ቡድኑ አባል ይቆጠራል። አራት ተጫዋቾች ኦገር የሚባሉትን ግዙፍ ጭራቆች ሁለት ቢገድሉ 900 ነጥብ ያገኛሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 225። አንድ ወታደር አብሯቸው ከተዋጋ ግን ለአምስት ይካፈልና 180 ይደርሳቸዋል። ፋኖስ ይዞ ኋላ የቆመ ተሸካሚ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። የእሱ ድርሻ የቀን ክፍያው ነው፤ ሙያ ለሌለው 2 ሲልቨር (የጨዋታው የብር ሳንቲም)፣ ለባለሙያ 2 ጎልድ (የወርቅ ሳንቲም)።

ጨዋታውን ይበልጥ የሚያበላሸው ግን ሌላ ነው። መሪው ጭራቁንም ወታደሩንም ይዞ ብቻውን ዳይስ ሲጥል ተጫዋቾቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ በውጊያ ጊዜ የወታደሩን ችሎታ የያዘውን ወረቀት ለአንድ ተጫዋች ስጡት። ንግግሩና ውሳኔው ግን ከመሪው እጅ አይውጣ፤ «አንተ ቅደም፣ ወጥመዱን ርገጥ» ሲሉት እምቢ ማለት መቻል አለበት። የወታደሩ የሕይወት ነጥብ ዜሮ ሲደርስ ወዲያው ይሙት ወይስ እንደ ተጫዋቾቹ ከሞት ለመትረፍ ዳይስ ይጣልለት የሚለውን ደንቡ ለመሪው ትቶታል፤ ይህን ውጊያው ሳይጀመር ተናገሩ።