የአሮጌ ላዳ ዘይት ግፊት ሲወርድ፦ በየጋራዡ የሚባለውና እውነታው

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ዳገቱን የወጣ አሮጌ ላዳ፣ ጣርማበር ዋሻ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አንድ ምልክት ያሳያል። ሲወጣ ደህና ነበር፤ ቆሞ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲዞር) ሲሆን ግን ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ምክር ሰጪ አይጠፋም፤ ጉዳቱ ከምክሩ ውስጥ ግማሹ ኮሎ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንክሻፍት)፣ የሚያስበላ መሆኑ ነው። ከታች ያሉት ልኬቶች የክላሲኩ ላዳ (ከ2101 እስከ 2107) ናቸው።

«መብራቱ ከበራ ዘይት ጎድሏል»

መብራቱ የሚያውቀው ግፊትን እንጂ መጠንን አይደለም። የሚበራውም ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.6 ባር ባለው ክልል ውስጥ ሲወርድ ነው፤ ያ ለሞተር ባዶ ማለት ይቀርባል። በጉዞ ላይ ከበራ ጥግ ይዞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ «እስከ ደብረ ብርሃን ልድረስበት» አይባልም።

እንዲያውም መጠኑ በዝቶ ግፊት የሚወርድበት ጊዜ አለ። የላዳ የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ የታሰረ ነው፤ ውስጡ ያለው ዲያፍራም (ቤንዚኑን የሚስበው ስስ ሽፋን) ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ይውጣና ይሽተት፤ በሁለት ጣትም ይታሽ። ቤንዚን ከሸተተ፣ ዘይቱ እንደ ውሃ ከቀጠነ፣ ደረጃውም ከላይኛው ምልክት ካለፈ ሞተር ለማውረድ አይቸኮል። ዲያፍራሙ፣ ዘይቱና ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ይቀየሩና እንደገና ይለካ። በዚህ ብቻ የሚድን ሞተር ጥቂት አይደለም።

«ከፍታው ነው፤ ጣርማበር አየሩ ስስ ነው»

ስስ አየር ካርቡሬተሩንና የሞተሩን ጉልበት ይነካል፤ የዘይት ፓምፕ ግን የሚገፋው ፈሳሽ ነው። ግፊቱን ያወረደው ዳገቱ ነው፦ ሞተሩ ጭነት ተሸክሞ ረጅም ሰዓት ሲወጣ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ባረጁ ብሮንዚናዎች (ኮሎው የሚዞርባቸው ስስ ግማሽ ክብ ብረቶች) በኩልም በቀላሉ ያመልጣል። ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ መብራቱ የሚጠፋውም ማርሹ የሞተሩን ዙር ስለሚያስጨምር ነው።

«ወፍራም ዘይት ይጨመርበት»

ይህን በተለይ አጥብቀን እንቃወማለን። ወፍራም ዘይት የግፊት መለኪያውን (ጌጁን) ከፍ ያደርጋል፤ በኮሎውና በብሮንዚናው መካከል የሰፋውን ክፍተት ግን አያጠብም። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ደግሞ ወፍራሙ ዘይት እስከ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን እስከሚከፍተው ዘንግ) ለመውጣት ይዘገያል፤ በእነዚያ ሰከንዶች ብረት ከብረት ይፋጫል። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት መቀላቀልማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ለደጋውም ለቆላውም 15W-40 የተባለው የሞተር ዘይት ይበቃል።

«ፓምፑ ነው፣ ይቀየር»

ከመቀየር በፊት ይለካ። ብሎኩ ላይ ያለው የግፊት ሴንሰር ይፈታና በቦታው ሜካኒካል ጌጅ ይታሰር፤ የሚታሰርበት ጥርስ 14 በ1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ በሚኒሞም በ3000 ዙርም ይነበብ። የፋብሪካው ልክ በ85 ዲግሪ ዘይትና በ5600 ዙር ከ3.5 እስከ 4.5 ባር ነው፤ አሮጌ ሞተር እዚያ ድረስ አይነዳ፤ በየ1000 ዙሩ ወደ 0.7 ባር ካሳየ በጤና ይሠራል።

ንባቡ ራሱ ይናገራል። ሲቀዘቅዝ ጥሩ ሆኖ ሲግል በሚኒሞ የሚወድቅ፣ ዙር ሲጨመር የሚነሳ ከሆነ ብሮንዚና በልቷል። በሁሉም ዙር ዝቅ ካለ የፓምፑ ማስተንፈሻ ቫልቭ ቆሻሻ ይዞት ክፍት ቀርቷል ወይም ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለው የመምጠጫ ወንፊት ተደፍኗል። መርፌው በኩርባ ላይ የሚዋዥቅ ከሆነ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። ፓምፑ ከተፈታም በፊለር ጌጅ (ስስ የክፍተት መለኪያ ምላስ) ይፈተሽ፦ በጥርሶቹና በቤቱ ግድግዳ መካከል ከ0.25፣ በጥርሶቹ ፊትና በክዳኑ መካከል ከ0.20 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጊዜው አልፏል።

«ብሮንዚና መቀየር ይበቃል»

አዲስ ብሮንዚና በተበላ ኮሎ ላይ ብዙ አይቆይም። ኮሎው በብሎኩ ላይ የሚዞርባቸው አምስቱ ዋና አንገቶች አዲስ ሳሉ ከ50.775 እስከ 50.795፣ አራቱ የቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ክንድ) አንገቶች ከ47.814 እስከ 47.834 ሚሊ ሜትር ናቸው። እያንዳንዱ በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ይለካ፤ መበላቱ ወይም ሞላላነቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ካለፈ ኮሎው ቶርኖ ቤት ይሂድ። ብሮንዚናው በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊ ሜትር ቅናሽ ይገኛል፤ ዋናዎቹ አንገቶች ሁሉም በአንድ ልክ፣ የቢዬላዎቹም ሁሉም በአንድ ልክ ይሞረዱ።

ከቶርኖ ሲመለስ የሚረሳ ነገር አለ። የኮሎው የዘይት መንገዶች ጫፋቸው በትናንሽ መድፈኛዎች የተዘጋ ነው፤ ከኋላቸው የዓመታት ዝቃጭና የሞረዳው ብናኝ ይጠራቀማል። መድፈኛዎቹ ይውጡ፣ መንገዶቹ በቤንዚን ታጥበው በአየር ይነፉ፣ አዲስ መድፈኛ ይመታ። ይህ ካልተደረገ ያ ብናኝ በመጀመሪያው ቀን አዲሱን ብሮንዚና ይፍቀዋል።

ፓምፑንና ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ረዳት ዘንግም ይታይ። ክፍተቱ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ወይም ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት (ቡሹ) በቦታው ዞሮ የዘይት ቀዳዳውን ከሸፈነ፣ ኮሎው ምንም ቢታደስ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ታድሶ «ያው ነው» የሚባል ላዳ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው።

«ካፑን በሞርዶ መቀነስ፣ ከሥሩም ቆርቆሮ ማስገባት»

ካፑ (ብሮንዚናውን ከታች የሚያስረው ክዳን) ሲሞረድ ክቡ ቤት ሞላላ ይሆናል፤ ብሮንዚናው በአንድ በኩል ያንቃል፣ በሌላው ያፈሳል። ከብሮንዚናው ሥር የገባ ቆርቆሮ ደግሞ ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ሲንሸራተትም የዘይት ቀዳዳ ይዘጋል። የተሞረደ ካፕ ያለው ብሎክ ቤቶቹ በአንድ መስመር እንደገና ካልተቦሩ አይድንም።

«የፊያት 124 ዕቃ ይገባል»

አካሉ ከፊያት 124 ተወረሰ እንጂ ሞተሩ ሌላ ነው። የላዳ ካምሻፍት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ነው፣ የ124 ብሎክ ውስጥ። የ1200 ላዳ ሲሊንደር 76 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፊያቱ 73 ነው።

«የታደሰ ሞተር ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ ይዋል»

በሚኒሞ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ አዲስ ካምሻፍትና አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በዚያ አይሟሹም። ሲገጠም ብሮንዚናው ሁሉ ዘይት ይቀባ፣ ፊልትሮው ዘይት ተሞልቶ ይታሰር። የኮይሉ ገመድ ተነቅሎ፣ ስታርተሩ ከ10 ሰከንድ ሳያልፍ እያረፈ ይዙር፤ መብራቱ ሲጠፋ ገመዱ ይመለስ። እንደተነሳ ለ20 ደቂቃ በ2000 ዙር አካባቢ፣ ጌጁ እየታየ ይሥራ። የመጀመሪያ ጉዞው በሜዳው ወደ ጫጫ በኩል ደርሶ መመለስ ይሁን፤ የጣርማበር ዳገት ከነጭነት ይቆይለት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየሩ፣ አሮጌውም ፊልትሮ ተቆርጦ ወረቀቱ ፀሐይ ላይ ይዘርጋ። ጥቂት ጥቁር ብናኝ የተለመደ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብርማ ወይም መዳብማ ቅርፊት ከታየ ግን ኮፓው ያኔውኑ ይፈታ።