አንድ ፕሮጀክት፣ ሁለት ዓይነት ፍላግ

ሜክፋይልን፣ ማለትም ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ እንዴት እንደሚገነባ ሜክ ለሚባለው መሣሪያ የሚነግረውን ፋይል፣ ከሀ እስከ ፐ በእጁ የሚጽፍ ሰው አሁን ብዙም አይገኝም። ስቱዋርት ፌልድማን ሜክን ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ለሲሜክ ወይም ለኦቶሜክ ጥቂት መስመር ጽፎ ሜክፋይሉን እነሱ እንዲያመነጩት ይተዋል። ጣጣው የሚመጣው እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ያሉ ሁለት ታርጌቶች (የሚገነቡ ፕሮግራሞች ወይም ላይብረሪዎች) የተለያየ የኮምፓይለር ፍላግ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚቀይረው ፕሮግራም የሚሰጥ ትእዛዝ) ሲፈልጉ ነው።

ጅማ ላይ ሆነን እንየው። እዚህ የቡና ወሬ ከተነሳ ፈረሱላ መነሳቱ አይቀርም፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። እንበልና ኪሎን ወደ ፈረሱላ ቀይሮ ዋጋ የሚያሰላ ትንሽ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም አለን። ታርጌቶቹ ሦስት ናቸው፦ ሂሳቡን የያዘው ላይብረሪ፣ ዋናው ፕሮግራም እና መሞከሪያው። ዋናው እንዲፈጥን ማይነስ ኦ2 ይፈልጋል። መሞከሪያውን ግን በዲበገር (በስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) መስመር በመስመር ልናየው ስለምንፈልግ ማይነስ ጂ (ለዲበገሩ መረጃ የሚጨምረውን) እና ማይነስ ኦ0 (ማፍጠኑን የሚያጠፋውን) እንሰጠዋለን።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ፈረንጅ አራዳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ፣ ውጭ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሲሜክ ያመነጨውን ፋይል ከፍቼ ፍላጎቹን እዚያው ቀየርኳቸው። ሠራ! ከዚያ አንድ አዲስ ፋይል ፕሮጀክቱ ላይ ጨመርኩና ሲሜክን ደግሜ አስነሳሁት። የለፋሁበት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። የመነጨ ፋይል እንዲህ ነው፣ በተመነጨ ቁጥር ከላዩ ላይ ይጻፍበታል። ማስተካከያው መግባት ያለበት ሲሜክሊስትስ የሚባለው ምንጭ ፋይል ውስጥ ነው።

እዚያም ቢሆን ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ሲሜክ ሲኤክስኤክስ ፍላግስ የሚባለውን ተለዋዋጭ ከአንዱ ታርጌት በፊት አንድ ዋጋ፣ ከሌላው በፊት ሌላ ዋጋ ይሰጠዋል። አይሠራም። ሲሜክ የሚያየው ተለዋዋጩ በፋይሉ መጨረሻ ላይ የያዘውን ዋጋ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው የፎልደሩን ታርጌቶች ሁሉ ይገዛል። መፍትሔው ታርጌት ኮምፓይል ኦፕሽንስ የሚባለው ትእዛዝ ነው። የታርጌቱን ስም ትሰጡታላችሁ፣ ፍላጎቹን ትደረድራላችሁ፣ መሃል ላይ ደግሞ ከሦስት ቃላት አንዱን ትመርጣላችሁ። ፕራይቬት ካላችሁ ፍላጉ ለዚያ ታርጌት ብቻ ነው። ኢንተርፌስ ካላችሁ ለራሱ ሳይሆን እሱን ሊንክ ለሚያደርጉት (ከራሳቸው ጋር ለሚያገናኙት) ታርጌቶች ይደርሳል። ፐብሊክ ለሁለቱም ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መሞከሪያው ኦ0 ስለተባለ የሚጠቀምበት ላይብረሪ ኦ0 አይሆንም። ላይብረሪው የራሱ ታርጌት ነው፣ በራሱ ፍላግ ኮምፓይል ይደረጋል። እኔም ፈረሱላው ሂሳብ ውስጥ በዲበገር ገብቼ ተለዋዋጮቹ «ኦፕቲማይዝ ተደርገው ወጥተዋል» (ኮምፓይለሩ ለፍጥነት ሲል አስወግዷቸዋል) የሚል መልእክት እያሳየኝ ስናደድ ቆይቼ ነው የገባኝ። ያኔ ከእነዚያው የምንጭ ፋይሎች በሌላ ስም ሁለተኛ ላይብረሪ ሠርቶ መሞከሪያውን ከዚያኛው ጋር ማገናኘት ነው።

ኦቶሜክ ይህን በስም ይፈታዋል። ከታርጌቱ ስም ቀጥሎ ከስር ሰረዝ ጋር ሲፍላግስ (ለሲ ፕላስ ፕላስ ሲኤክስኤክስፍላግስ) ብሎ መጻፍ ነው። የኦብጀክት ፋይሎቹንም (እያንዳንዱ የምንጭ ፋይል ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጡትን) ስም በታርጌቱ ስም ስለሚያስጀምር አንድ የምንጭ ፋይል ሁለት ጊዜ በሁለት ዓይነት ፍላግ ቢሠራ አይጋጭም። በእጅ በተጻፈ ሜክፋይል ግን ይጋጫል። በጂኤንዩ ሜክ ለአንድ ታርጌት የተሰጠ ተለዋዋጭ ታርጌቱ ወደሚመረኮዝባቸው ፋይሎች ሁሉ ይወርዳል፤ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ኦብጀክት ፋይል ከተጋሩ ደግሞ ቀድሞ የተሠራው ፍላጉን ይወስናል።

በሲሜክ ፕሮጀክት ፍላጉ መድረሱን ለማየት ሜክን በቨርቦዝ እኩል ይሆናል 1 አስነሱት፤ ኮምፓይለሩ የተጠራበትን ሙሉ መስመር ያሳያችኋል። ወይም ሲሜክ ለእያንዳንዱ ታርጌት በሚሠራው ፎልደር ውስጥ ፍላግስ ነጥብ ሜክ የሚባለውን ፋይል ክፈቱ። አንብቡት ብቻ፣ እንዳትነኩት።