የደጋ አገር ሕዝብ አቆጣጠር፦ ከሐዋሳ በላይ ባሉት ተራሮች

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ሜዳማ ከተማ ስትሆን፣ በስተደቡብ ምሥራቋ ያለው የሲዳማ ምድር ግን ሽቅብ እየወጣ ጋራምባ ተራራ ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ደጋ በአርበጎና፣ በሁላና በበንሳ ስንት ሰው እንደሚኖር ቤት ለቤት ተቆጥሮ የታወቀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው።

ኢትዮጵያ እስካሁን ያካሄደቻቸው የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ሦስት ናቸው። ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው፣ ጦርነት በነበረባቸው የኤርትራና የትግራይ ገጠሮች ቆጣሪ መግባት ስላልቻለ፣ ከ42 ሚሊዮን በላይ የሆነው ድምሩ ከፊሉ በግምት የተሞላ ነበር። ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ተካሂዶ 53 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ተካሂዶ 73.9 ሚሊዮን ሕዝብ አስገኝቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ቢያዝም፣ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

ግምት በተራራ አገር ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ቡታን ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 የተባበሩት መንግሥታት አባል ስትሆን ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው ይባል ነበር፤ በ2005 ቤት ለቤት ሲቆጠር ግን የተገኘው 634,982 ነው።

ብዙዎች ችግሩን የመንገድና የዳገት ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። ዳገቱ ያደክማል እንጂ ቆጠራን የሚያበላሸው በዋናነት ከቆጠራው ቀን በፊት የሚሠራው ካርታ ነው። አገሩ በሙሉ 150 እስከ 200 ቤተሰብ በሚይዙ የቆጠራ ቦታዎች ይከፈላል፤ በሁለት ቦታዎች መካከል የተዘለለ ቤት እንዳይኖር፣ አንዱም ቤት ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ወሰናቸው በወንዝ፣ በመንገድ ወይም በሸንተረር ይለያል። በሲዳማ ደጋ ይህን ማድረግ አድካሚ ነው። ቤቶቹ በመንደር ተሰብስበው አይገኙም፤ እያንዳንዱ በራሱ የእንሰት ማሳ ውስጥ ይቆማል። የጎለመሰ እንሰት ቅጠሉ ከጣራ በላይ ስለሚሄድ፣ በአጥሩ በር የገባ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ትልቁን ቤት ብቻ ሲሆን፣ ከበስተኋላ አዲስ ያገባ ልጅ የሠራት ጎጆ የምትታወቀው ጭሷ ሲወጣ ነው። አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ያልያዘ ቆጣሪ ያቺን ጎጆ አልፏት ይሄዳል።

ጎጆዋ ብትገኝም ጥያቄው አያበቃም። በቆጠራ ሕግ ቤተሰብ ማለት አብረው የሚኖሩና ከአንድ ማጀት የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ልጁ ጎጆ ወጥቶ ሳለ ሚስቱ ከአማቷ ጋር ቆጮ የምትጋግር ከሆነ አንድ ቤተሰብ ናቸው ወይስ ሁለት? ሁለት ሚስቶች ያሉት አባወራስ በየትኛው ቤት ይመዘገባል? በሁለቱም ቤት ስሙ ከተጠራ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል፤ እያንዳንዷ በሌላኛዋ ቤት ተቆጥሯል ብላ ከተወችው ደግሞ ይጠፋል። ዕድሜም እንዲሁ ነው፤ የልደት ምዝገባ ባልተለመደበት ቦታ ሽማግሌዎች የሚናገሩት ከጣሊያን ወረራ ወይም ከአብዮቱ አንጻር ስለሆነ፣ ዕድሜያቸው በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይከመራል።

የቆጠራው ወቅት ራሱ ለደጋው አይመችም። ግንቦት በሲዳማ ዝናብ የሚበዛበት ወር በመሆኑ ጭቃው ያዳልጣል፣ ጅረቶቹም ይሞላሉ። አፋርና ሶማሌ በ1999 ከሌላው አገር ጋር ሳይሆን ኅዳር 2000 ዓ.ም. ለብቻቸው ተቆጥረዋል፤ ለዝናባማው ደጋም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ቢደረግ ተገቢ ነበር።

በሐዋሳ በኩል ያለው ደግሞ የዚሁ ጉዳይ ሌላው ገጽ ነው። ሰው የሚመዘገበው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በኖረበት ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. ሐዋሳ 157,139 ነዋሪ ነበራት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ የተመረቀው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ከገጠር ወርደው ለፋብሪካ ሥራ የመጡት ወጣት ሴቶች አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። የመንደራቸው ሰው ግን እንደ ቤቱ ልጅ እንጂ እንደ ሄደ ሰው አያያቸውም፤ ቆጣሪ ቢመጣ እናት ልጇን ከቤተሰቡ አባላት ጋር ልትጠራት ትችላለች፤ አከራይዋም ልትጠራት ትችላለች።

ለአራተኛው ቆጠራ ታብሌት እንዲሠራበት ታቅዷል፤ ታብሌት ጽሑፍ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስሕተት ይቀንሳል። የሳተላይት ፎቶም የቆርቆሮ ጣራን ከሰማይ ለይቶ ያሳያል። ከእንሰቱ ሥር ያለችውን የሣር ጎጆ ለማግኘት ግን አሁንም በእግር ገብቶ «ከዚህ ወዲያ የሚኖር ሰው አለ?» ብሎ፣ ሰዉ በሚናገረው በሲዳምኛ መጠየቅ ያስፈልጋል።