በአሜሪካ የታሸገ ምግብ ላይ ሰሊጥ እንዴት ይጻፋል?

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ በአሜሪካ ሕግ 9ኛው ዋና የአለርጂ ምግብ ነው። የገባበት የታሸገ ምግብ ስሙን በግብዓት ዝርዝሩ ውስጥ፣ አለዚያም ከሥሩ «ይዟል» በሚለው መስመር ላይ በግልጽ ማስፈር አለበት። እንደ ድሮው «ቅመም» ብሎ ማለፍ ቀረ። «ታሂኒ» (የተፈጨ ሰሊጥ ነው) ብቻ ብሎ መጻፍም አይበቃም፤ «ታሂኒ (ሰሊጥ)» መባል ወይም ሰሊጥ በ«ይዟል» መስመር ላይ መጠቀስ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሊኖረው ይችላል» በሚለው ማስጠንቀቂያ ነው። የሚጻፈው በአምራቹ ፈቃድ ስለሆነ፣ አለመኖሩ ምግቡ ከሰሊጥ ንክኪ ነጻ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

የሚገርመው ግን የዳቦው ጉዳይ ነው። አንዳንድ ጋጋሪዎች ማሽኑን ከሰሊጥ ፍርፋሪ አጥርቶ ማጽዳት ሲከብዳቸው ጥቂት የሰሊጥ ዱቄት ሆን ብለው ጨምረው ማሸጊያው ላይ ጻፉት። ሕጉ አይከለክላቸውም። ስለዚህ ለዓመታት የለመዳችሁትን ዳቦ ዝርዝር እንደገና አንብቡ። ምግብ ቤት በሳህን የሚቀርበው በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ አስተናጋጁን መጠየቅ ነው።