አማካይ ፍጥነት ምንድን ነው? በብስክሌት ሥራ ለመግባት ስንት ሰዓት ልውጣ?

ጎጃም ገጠር ውስጥ መንገድ ጠይቃችሁ «ይችውላችሁ፣ ከዚያች ዋርካ ባሻገር ናት» ከተባላችሁ ስንቅ ያዙ። ብስክሌት ገና የገዛ ሰውም እንዲሁ ነው። «ቢሮዬ ሩብ ሰዓት ናት» ይላል። የለካው እሁድ ጠዋት፣ ጭር ባለ መንገድ ነው። ሰኞ ያረፍዳል።

እኔም ባሕር ዳር ላይ ሳይክል ስጀምር ያው ነበርኩ። ስልኬ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲያሳየኝ ጊዜ ሳልፈጅ አሰላሁ፤ 5 ኪሎ ሜትር በ15 ደቂቃ። የወሰደብኝ 27 ነው። ያየሁት የአንድ አፍታ ፍጥነት ነበር እንጂ አማካይ አልነበረም።

አማካይ ፍጥነት ማለት ጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው። መብራት ላይ የቆማችሁበት ይቆጠራል። ባጃጅ ሰው ለማውረድ ድንገት ጥግ ሲይዝባችሁ ፍሬን የያዛችሁበትም ይቆጠራል። «እንዴት አደርክ፣ ልጆች ደኅና?» ያላችሁበትም እንዲሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ይኼኛው ቀላል አይደለም።

ሜዳ ላይ ጀማሪ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው። የእግረኛ 5 ገደማ ነው። እኔ 12ን እመርጣለሁ፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ስለሚሆን ሒሳቡ ይቀላል። በዚያ ላይ 10 ደቂቃ ጨምሩ። ብስክሌቱን ከግቢ ማውጣት፣ ጎማውን በጣት ተጭኖ ማየት፣ ደርሶ መቆለፍ፣ ላብ ማድረቅ አለ። መንገዱ ቢያጥርም እነዚህ አያጥሩም። ስለዚህ ለ5 ኪሎ ሜትር 35 ደቂቃ። ሥራ 2፡30 ከሆነ 1፡55 ላይ መውጣት ነው።

ደብረ ማርቆስ ላሉት ግን ሌላ ጣጣ አለ፤ ዳገት። 3 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 6 እየሄዳችሁ ወጣችሁ እንበል። ቀጥሎ 3 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በ30 ወረዳችሁ። አማካዩ ስንት ነው? ብዙ ሰው 18 ይላል። ዳገቱ 30 ደቂቃ፣ ቁልቁለቱ 6 ደቂቃ ፈጀ። 6 ኪሎ ሜትር በ36 ደቂቃ፣ ማለትም በሰዓት 10 ብቻ! ብዙውን ጊዜ ያሳለፋችሁት ዳገቱ ላይ ስለሆነ ቁልቁለቱ የባከነውን አይመልስም። (በ30 መውረዱንም ለጀማሪ አልመክርም።) መሄጃውና መመለሻው እኩል ስለማይፈጁ ለየብቻ ለኩ።

ነፋስም አለ። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ስትሄዱ ፔዳሉ ይከብዳል። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን እልህ ብዙም አያተርፍም። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃና ዝናብ ስላለ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ።

ከሁሉ የሚሻለው የራስን መለካት ነው። አምስት የሥራ ቀን፣ ከቤት በር እስከ ቢሮ ወንበር፣ ደቂቃውን ጻፉ። ከዚያ አማካዩን አትያዙ። በአማካዩ የወጣ ሰው ከቀኖቹ ግማሽ ያህሉን ያረፍዳል። የዘገየውን ቀን ያዙ። የእኔ 38 ደቂቃ ነበር፤ አሁንም 1፡50 ላይ እወጣለሁ።