ኤንኤፍቪ፦ የት ይቀመጥ? ስንት ይሰጠው?

ድሮ ፋየርዎል፣ ማለትም በኔትወርክ የሚያልፈውን ዳታ እየፈተሸ ያልተፈቀደውን የሚያግደው ዘበኛ፣ ራሱን የቻለ ሣጥን ነበር። በ2012 ትልልቅ የቴሌኮም ኩባንያዎች ተሰባስበው የሣጥኑ ሥራ ወደ ሶፍትዌር ተዛውሮ በተራ ሰርቨር ላይ ይሠራ አሉ። እንደ ፋየርዎል ያሉ የኔትወርክ ተግባሮችን ወደ ሶፍትዌር መቀየር ማለት ነው፤ ኤንኤፍቪ (Network Functions Virtualization) የሚባለው ይኼ ነው።

ሰው የሚምታታው ከዚህ በኋላ ነው። ሶፍትዌሩ የትኛው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ? አንድ ጥያቄ ነው። ስንት ፕሮሰሰር፣ ስንት ሜሞሪ ይሰጠው? ሌላ ጥያቄ።

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ወደ ሳቢያን ሰፈር የቪዲዮ ጥሪ ተደረገ እንበል። ፋየርዎሉ አዲስ አበባ ከሆነ ዳታው እዚያ ደርሶ ድሬ ይመለሳል። ገመዱ 450 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ 4.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ይህ ብቻውን አይጎዳም። ግን ዳታው የሚያልፈው በፋየርዎል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሌሎች ተግባሮችም ሲኖሩ በቅደም ተከተል ነው የሚሠሩት። አንዱ አዲስ አበባ፣ ቀጣዩ ድሬ፣ ሌላው እንደገና አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ ይደራረባል።

«ታዲያ ሁሉንም ድሬ ማድረግ ነዋ!» ሊባል ይችላል። ድሬ ያለው ሰርቨር ጥቂት ከሆነስ? ማታ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲጣድ ይጨናነቃል። ፕሮሰሰር ያነሰው ፋየርዎል ፓኬቶቹን (ዳታው ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸውን ቁርጥራጮች) ወረፋ ያስይዛል፤ ወረፋው ሲሞላ ይጥላቸዋል። ምስሉ ይቆራረጣል። በቅርበት የተገኘው ትርፍ ገደል ገባ ማለት ነው። እኔ ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ መመለስ አያዋጣም ባይ ነኝ።

አንድ ላይ መመለሱ ደግሞ ከባድ ነው። 10 ተግባሮችን በ20 ሰርቨሮች ላይ ለመደልደል ከ10 ትሪሊዮን በላይ አማራጭ አለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው፣ ፍጹሙን ባያገኝም ጥሩ የሚባለውን ቶሎ የሚያገኝ ስልት ነው።